ዛህር እንጂ ዛር አይደለም

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ እማዬ!

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የላክሁልሽን ቅባት ትቀቢያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አደልሽው? አባስ ደም ግፊቱ ወረደለት? ጨው ተወ ወይስ ተደብቆ ይነሰንሳል? ወንድሜ አብዱልፈታሕ ባጃጇን አሠራት ወይስ አሁንም ደጃፍ ላይ ቆማ ዶሮ ያድርባታል? እህቴ ሳብሪንዬ፣ ለእማ የምታነቢላት አንቺ ነሽና ቀስ ብለሽ አንብቢ። የሚያሳፍር ቦታ ላይ ስትደርሺ መዝለል የለም። እኔ ለመጻፍ ካላፈርኩ አንቺ ማንበቡ ምን ያሳፍርሻል?

«እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልቀጥል፣ ዘንድሮ ደህና ነኝ ብል የሚያምነኝ የለም። ዓርብ ማታ አጎቴ ሙሰዲቅ ለአባ ደውሎ ያለውን ሰምተሻል። ሱሪያ ዛር ሰፍሮባታል፣ ሐሙስ በባቡር ወደ ድሬዳዋ እልክላችኋለሁ፣ እስከዚያ ጥሩ ሼኽ ፈልጉላት ብሏል። ትኬቱንም ቆርጦ አምጥቷል። እኔም ከዓርብ ጀምሮ ልብሴን አንዴ ሻንጣ ውስጥ እከታለሁ፣ አንዴ አወጣለሁ። ዛሬ ሰኞ ነው፤ ከሐሙስ በፊት ነገሩን ከራሴ አፍ እንድትሰሚው ብዬ ነው ወረቀት ያነሣሁት። ስልክ ያበላሸውን ስልክ አያቃናውም። ደግሞስ ከየት ሆኜ ልደውል? ቤት የአጎቴ ሚስት ውዳድ አለች፣ ጨርቅ ሱቃቸውም ውዳድ አለች። መታጠቢያ ቤት ስገባ እንኳ በሩን እያንኳኳች «ቢስሚላህ ብለሽ ገባሽ ወይ?» ትለኛለች። አሁን ለዙሁር ሶላት ገብታ ነው ይህን ባንኮኒው ላይ የምጭረው። ስጀምር ቁጭ ብዬ ነበር፣ አሁን ቆሜያለሁ፣ ጽሑፌ ቢጣመም እግሬን ውቀሺው።

እማ፣ ዛር የለብኝም። ወላሂ የለብኝም። ሶላቴንም አላቋረጥኩም። ያለው ዛህር ነው። አንዲት «ህ» ናት ጉድ የሠራችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ መነን ነግሬሻለሁ፣ ያቺ የደሴዋ ልጅ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው ሰፈር ፈረንሳዮች ቤት ተቀምጣ የምትሠራው። ዕረፍቷ ዓርብ ብቻ ነው። ነጃት ደግሞ እዚሁ ጅቡቲ ተወልዳ ያደገች አስተማሪ ናት፤ አባቷ የሐረር ሰው፣ አያቷ የመናዊት። ሶሬሳ ከዶራሌ ወደብ ወደ አገር ቤት ዕቃ የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ወደቡ ወረፋ ሲያስይዘው ዓርብን ከኛ ጋር ይውላል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽም እሱ ነው። ሳትመግቢ እንዳትለቂው፣ ሆዱ እንደ መኪናው ነው። እኛ አራታችን ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ፣ ከተማው ጫቱን ይዞ ጋደም ሲል፣ ነጃት ቤት ጠረጴዛ ከብበን እንጫወታለን።

ጨዋታው ተረት ነው፣ ግን የምትሰሚው ተረት ሳይሆን የምትገቢበት። አንዷ ትተርካለች። ፈረንሳዮቹ ተራኪዋን «ሜትር» ይሏታል፣ የጨዋታው አለቃ እንደ ማለት ነው፤ የኛ ሜትር ነጃት ናት። የቀረነው እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንሆናለን፤ ሽፍታ፣ ሐኪም፣ ንግሥት፣ የፈለግሽውን። ነጃት «ከፊትሽ ገደል አለ፣ ምን ታደርጊያለሽ?» ትልሻለች። «እዘላለሁ» ካልሽ፣ መሻገር አለመሻገርሽን የሚወስነው ወርውረሽ የሚመጣልሽ ቁጥር ነው። የሚወረወረው ያ ሉዶ ላይ የምናውቀው ዓይነት ባለ ቁጥር ጠጠር ነው፣ ግን በስድስት ፈንታ ሃያ ፊት አለው። የነጃት አያት በዓረብኛ «ዛህር» ትለው ስለነበር እኛም ዛህር እያልን ቀረን። ሃያ ከመጣ ዛህሩ አነሣሽ ይባላል። አንድ ከመጣ ዛህሩ ጣለሽ፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ጠረጴዛውን እየደበደብን «ዛህሩ ጣላት!» ብለን እንጮኻለን። የኛ ወግ ነው፣ ከየት እንዳመጣነው እኔ እንጃ።

አሁን ሳይገባሽ አይቀርም። መነን ሱቅ ትደውልልኛለች፣ ውዳድ ከጣቃዎቹ ጀርባ ሆና ትሰማለች። እኔስ ምን እላለሁ? «ባለፈው ዓርብ ዛህሩ ሦስቴ ጣለኝ።» «ነጃት ቤት ስሆን ነው የሚመጣልኝ፣ ብቻዬን ስሞክረው እምቢ ይለኛል።» አንድ ቀን ደግሞ ምን አልኩ መሰለሽ? «ለሜትር ንገሪያት፣ ለዛህሩ መጠቅለያ ቀይ ሻሽ ቆርጬለታለሁ።» ቀይ ሻሽ! እማ፣ ሱቁ ሙሉ ሰማያዊ እያለ ለምን ዛር ይወደዋል የሚሉትን ቀይ ቆረጥኩ? ሚስኪን ውዳድ ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ስንት ሳምንት እንቅልፍ አጥታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ በሰፈራችን በካርቲየ ሁለት ሴቶች ሁሉ አፍ ውስጥ ስዞር እኔ ሻሽ እለካለሁ።

(ደንበኛ መጥታ ድሪያ ቀሚስ አውርጂ፣ ድሪያ ስቀዪ ስትለኝ ቆየች፣ ሳትገዛ ሄደች። የቱ ጋ ነበርኩ?)

ባለፈው ዓርብ፣ ጥር ሠላሳ፣ ትልቁ ቀናችን ነበር። ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች ከከተማው ሁሉ፣ ከሐርጌሳና ከአዲስ አበባም ጭምር ተጠራርተው፣ ፕላቶ ላይ አዳራሽ ይዘው ሁለት ቀን ሊጫወቱ ተሰበሰቡ። ለጨዋታ ስብሰባ! አባ «ሥራ ፈቶች» ሲል ከዚህ ይሰማኛል። እኔ ለውዳድ መነን አሟታል፣ ልጠይቃት ነው ብዬ ወጣሁ። ይህ ውሸቴ ነው፣ እሱን አልክድም፤ እሱን ቅጪኝ።

ሃያ ያህል ጠረጴዛ ነበር። አንዱ ጋ በፈረንሳይኛ ዘንዶ ይገድላሉ፣ አንዱ ጋ በሱማሊኛ መርከብ ይዘርፋሉ፣ ትልልቅ ሰዎች ካባ ደርበው፣ የእንጨት ሰይፍ ታጥቀው ውሃ ሊገዙ ይሰለፋሉ። ጥግ ላይ «አማርኛ» ተብሎ በእጅ የተጻፈበት የኛ ጠረጴዛ አለ። ነጃት ናት ደፍራ ያስመዘገበችን። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም ዝር አላለም። እኔ መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነሥቼ በር፣ ተነሥቼ መስኮት፣ ተነሥቼ ውሃ። ሶሬሳ «አንቺ ሴት፣ ወለሉን ጨረስሽው እኮ፣ ለሰው አስተርፊ» አለኝ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ጽሕፈቱን ሲያዩ ቆዩና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሐጂ ኢማድ ይባላሉ፣ ጅቡቲያዊ ናቸው። አማርኛውን የት ተማሩት ስንላቸው «ባቡር ላይ፣ የድሬዳዋ ሴቶች እየሰደቡኝ» አሉን። ለካ በድሮው ባቡር ጊዜ የጉምሩክ ፈታሽ ነበሩ። ፈታሽ፣ እማ!

የዕለቱ ተረት ደግሞ የባቡር ተረት ነበር። እኔ የሆንኳት ሴት ዙለይካ ትባላለች። ስሟ ብቻ ነው የውሸት። ከዚህ ሻሽና የሽቲ ጨርቅ ገዝታ፣ ሰባት ሻሽ ሆዷ ላይ ጠምጥማ፣ የደረሰች እርጉዝ መስላ በፈታሽ ፊት እያለፈች ድሬዳዋ የምትገባ ሴት ናት። ታውቂያታለሽ። ሳብሪን፣ አትደንግጪ፣ እማ ናት። አባም ጉሮሮውን መጥረጉን ትቶ ይስማ፣ የሃያ ስድስት ዓመት ነገር ነው። ያን ጊዜ እማ ዓመት ሙሉ እርጉዝ ነበረች፣ አንድም ልጅ ሳትወልድ። እኔን የእውነት ስታረግዢ ፈታሹ ሆድሽን በዱላው ነካ አድርጎ «ይሄኛውስ ስንት ሜትር ነው?» እንዳለሽ ያጫወትሽኝ አንቺ ነሽ፤ ልብስ እያጣጠፍን፣ እንባሽ እስኪፈስ ስቀሽ። እኔ ያን ሳቅሽን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ነበር።

ሐጂ ኢማድን ፈታሹን ሁኑልን አልናቸው። «ሠላሳ ዓመት በደመወዝ የሠራሁትን አሁን በነጻ?» አሉ፣ ግን ኮፍያቸውን አቀኑ። ዙለይካ ፊታቸው ቀረበች። «ሆድሽ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ልጅ ነው ጌታዬ፣ የአላህ ስጦታ» አልኳቸው፣ በገበያው ድምፅሽ፣ በዚያ ሰው በሚያዞረው። ነጃት ዛህሩን ወርውሪ አለችኝ። ወረወርኩ። አንድ!

«ዛህሩ ጣላት! ዛህሩ ጣላት!» ጠረጴዛው በቡጢ ይናጣል። ግን ዙለይካ በዚህ የምትመለስ ሴት ናት? ሆዴን ይዤ ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩና ምጥ ጀመረኝ። አቃሰትኩ፣ አጓራሁ፣ ሻሼ ወልቆ ፀጉሬ ፊቴ ላይ ተበተነ። ነጃት በሜትርነቷ ከላዬ ቆማ «ምን ትፈልጊያለሽ? ተናገሪ! ምን ይደረግልሽ?» ትለኛለች። እኔ በዚያ የኔ ባልሆነ ወፍራም ድምፅ «ልለፍ! ልለፍ ብቻ!» እላለሁ። ሐጂ ኢማድ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ባልታወቀ ነገር ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። በዚህ መሐል ቀና ስል ውዳድ በሩ ላይ ቆማለች፣ ከኋላዋ አጎቴ።

ለካ ጠዋት ለመነን «ዛህሩን እኔ ይዤው እመጣለሁ፣ ፕላቶ አዳራሹ ጋ ጠብቁኝ» ስላት ሰምታኛለች። አጎቴን ከምርቃናው አስነሥታ በታክሲ ነው የደረሰችው። ደርሳስ ያየችውን አስቢው! የጣለኝን አየች፣ የምታናግረኝን አየች፣ በሌላ ሴት ድምፅ ስመልስ ሰማች። እኔም በሷ ቦታ ብሆን ሌላ ነገር አላምንም ነበር። «አዑዙ ቢላሂ!» ብላ ስትጮህ አዳራሹ ሁሉ ወደሷ ዞረ። ከቁርኣን አያተል ኩርሲን እየቀራች ጠረጴዛዎቹን ሰንጥቃ መጣችና የያዘችውን ትልቅ የፕላስቲክ ውሃ ከአናቴ ጀምራ ደፋችብኝ። ሰዉ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ብድግ ብሎ አጨበጨበ! ጨዋታው ውስጥ ያለ መሰላቸው። አንዱ ካባ የለበሰ ፈረንሳዊ «ብራቮ ማዳም!» እያለ እጇን ሊጨብጥ መጣ። ውዳድ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ፣ እኔ ውሃ እያንጠባጠብኩ ተከትያት ወጣሁ።

ቤት ስንደርስ ሳቄ ጠፋ። ውዳድ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «እናቷ በአማና፣ አደራ ብላ የሰጠችኝን ልጅ! በምን ዓይኔ ነው የማያት?» ትላለች። ክፉ አይደለችም እማ፣ እንዳትቀየሚያት። ዛህሩን ከቀይ ሻሹ ፈትቼ አጎቴ መዳፍ ላይ አኖርኩት። ይኸው ዛር የምትሉት፣ ቁጥር የተጻፈበት ፕላስቲክ ነው አልኩት። አገላበጠው፣ ሃያውንም ፊት በጣቱ ቆጠረ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «ታዲያ ይሄ ቁማር ነዋ!» አለ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ከዛር ወጥቼ ቁማር ውስጥ ገባሁ። ያኔ ነው ለአባ የደወለው፣ ቁማሩን ደብቆ ዛሩን ብቻ ነገረው።

እስከዚህ ያስቃል፣ እኔም ስጽፈው ስቄያለሁ። ቀሪው አያስቅም።

ቅዳሜ ነጃት ጨርቅ ገዢ መስላ ሱቅ መጣች። ውዳድ እያየችን አምስት ዓይነት ጣቃ እያወረድኩላት በሹክሹክታ ነገረችኝ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ስድስት ሴቶች ወደኛ ጠረጴዛ መጥተው ኖሯል፤ ሁሉም የአገራችን ልጆች፣ ሁሉም እንደ መነን ሰው ቤት ተቀምጠው የሚሠሩ። አሠሪዎቻቸውን ተከትለው መጥተው ዕቃ ይዘው ግድግዳ ተደግፈው ቆመው ነበር። «ያቺ ምጥ የያዛት ልጅ መቼ ነው ደግማ የምትጫወተው? እኛስ መግባት ይቻላል?» ብለዋል። ባልባላ ሰፈር ያለ አንድ የሴቶች ማኅበር ዓርብ ዓርብ ክፍል ሊሰጠን እሺ ብሏል። ነጃት የራሷ ጠረጴዛ አላት። ለሴቶቹ የምትተርከው ሱሪያ ናት ብላ ነግራቸዋለች፣ እኔን ሳትጠይቅ! የሚጀመረውም በዚህ ዓርብ ነው። ከሐሙስ በማግስቱ ማለት ነው።

መነን አንድ ጊዜ ምን አለችን መሰለሽ? «እኔ በሳምንት ስድስት ቀን እሺ ማዳም ነው የምለው። ዓርብ እናንተ ጋ ስመጣ ብቻ ነው እምቢ የምለው።» ያን ቀን ንግሥት ሆና አንድ ሙሉ የጠላት ጦር መልሳ ነበር። ስድስት ሴቶች እንደዚያ ግድግዳ ተደግፈው እየጠበቁኝ እንዴት አድርጌ ነው ባቡር ውስጥ የምቀመጠው?

ደግሞ የራሴም አለ፣ በነሱ ብቻ አላሳብብም። ሦስት ዓመት እዚህ ሻሽ ለካሁ። ድሬ ብመለስም ያው መለካት ነው፣ የገበያው ጥላ ብቻ ይለያል። እግሬ አያርፍም እማ። ሰው እያወራኝ ዓይኔ በር ላይ ነው። ሚኒባስ ወደ ባልባላ ሲጮህ ሥራ የሌለኝ ሰው ሆኜ ልሳፈር ይቃጣኛል። ስበላ ቆሜ፣ ስቀመጥ ጉልበቴ ይዘላል፣ ውዳድ ይህንንም ለዛሩ ቆጥራዋለች። ያቺ ጠረጴዛ ጋ ብቻ ነው፣ አንዴ ከተጀመረ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ከወንበሬ የማልነሣው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ደስ ስለሚለኝ ነው መሰለኝ።

ልጅ ሆኜ ባቡሩ ጣቢያ ሲገባ ፉጨቱ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። አንቺ ያን ጊዜ እጅሽ ላይ ያለውን ሥራ ትተዪ ነበር። ውሃ እየቀዳሽም ቢሆን፣ የኔን ፀጉር እየሠራሽም ቢሆን፣ ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ታዳምጫለሽ። ድምፁ ሲጠፋ በሆነ በማይረባ ነገር ትቆጪኛለሽ። ምን አጠፋሁ እያልኩ አለቅስ ነበር። አሁን ነው የገባኝ። አባ የባቡሩ ንግድ በቃሽ አለሽ፣ አንቺም ተውሽ። አልወቅሰውም፤ እኔ ሆድሽ ውስጥ ነበርኩ፣ ፈርቶልሽ ነው። ግን አልበቃሽም ነበር እማ። እኔ አይቻለሁ፣ አልበቃሽም ነበር።

ስለዚህ ሐሙስ አልመጣም።

ጻፍኩት። ከዓርብ ጀምሮ ስሸሸው የነበረው ይህን መስመር ነው። በከንቱ ጣቢያ ሄደሽ ፀሐይ ላይ እንዳትቆሚ ብዬ ነው በሶሬሳ እጅ የላክሁት፤ ነገ ማለዳ ይነሣል፣ ረቡዕ እጅሽ ይገባል። ለአጎቴ ዛሬ ጠዋት ነግሬዋለሁ። «ትኬት መቁረጥ የኔ ነው፣ መሳፈር ያንቺ» አለኝ። ውዳድ ግን እናቷ «ልጄ ደህና ናት» ብላ በአፏ ካልነገረችኝ በዚህ ቤት አታድርም ብላለች። እናንተ ዝም ካላችሁ የነጃት እናት አንዲት ክፍል አላቸው፣ እዚያ እገባለሁ። በሰው ዘንድ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ፤ ዛር የያዛት፣ ከዘመድ ቤት የወጣች ሴት። ያስፈራኛል። እየፈራሁም አልመጣም።

አንድ ነገር ብቻ ለምኜሻለሁ። ቁጣሽን ለኔ አስቀሪው፣ ለውዳድ ግን ደውዪላት። አማናዬን አልበላሽም በያት። ያችን ከሰማች ሌላው ይቀላል።

ለአባ እጁን ስሜያለሁ በሉልኝ፤ ይቆጣኝ፣ ግን ጨውን ይተው። አብዱልፈታሕን በጣም ናፍቄዋለሁ፤ ባጃጇን ወይ ያሠራት ወይ ዶሮዎቹን ኪራይ ያስከፍላቸው። ሳብሪንዬ፣ ሳትዘልዪ ካነበብሽ ድሪያ ልኬልሻለሁ፣ ሶሬሳ ጋ ነው፣ ከዘለልሽ መልሺው። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት አልሞላውም፣ ዱዓ ላይ አትርሱኝ፣ እኔም አልረሳችሁም።

ሐሙስ ባቡሩ ገብቶ እኔ ሳልወርድ ስቀር ጎረቤት መጠየቁ አይቀርም። ዛር ከእናት ወደ ልጅ ነው የሚወርደው ይላሉ አሮጊቶቹ። ልጅሽ ላይ የሰፈረው ማን ነው ብለው ቢመጡብሽ፣ እማ፣ አትደንግጪ፣ አትሸሽጊ። «እኔ ነኝ» በያቸው።

ልጅሽ ሱሪያ

ካርቲየ ሁለት፣ ጅቡቲ ከተማ
ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.